በሰው አገር ሰው ለማግኘት

ለትምህርት ወደ ውጭ ልትሄዱ ነው? ስለ ቪዛውና ስለ ሻንጣው የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔ ስለ ሰው ላውራችሁ። ውጭ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁትን ግማሹን ረስቼዋለሁ። የዶርማችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየኝ ልጅ ግን፣ ይኸው ስንት ዓመት አልፎ፣ ዛሬም ስንደዋወል ሰዓቱ መንጎዱ አይታወቀንም።

ከሁሉ በፊት ይሄን ያዙ፤ ጓደኝነት ሰዓት ይበላል። በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት አዲስ ቦታ በገቡ ሰዎችና በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ የተሠራ ነው። ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት እስኪያድግ 50 ሰዓት ገደማ አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል፤ ጓደኛ ለመባባል 90፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 በላይ። እስቲ አስሉት። ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት የምታገኙት ሰው 30 ሰዓት ላይ ይቀራል። ሁለት ቀን ካደረጋችሁት ግን 60 ነው።

ስለዚህ የሚደጋገም ነገር ፈልጉ። የአቀባበል ዝግጅቱ ላይ መቶ ሰው ትጨብጣላችሁ፣ በማግስቱ የማንም ስም ትዝ አይላችሁም። ግቡበት፣ ክፋት የለውም፣ ግን ተስፋችሁን እሱ ላይ አትጣሉ። ይልቅ በየሳምንቱ ልምምድ ያለው የኳስ ቡድን፣ መዘምራን፣ የእግር ጉዞ ክበብ ወይም የበጎ ፈቃድ ሥራ ውስጥ ተመዝገቡ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንኳ ይሠራል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ራሱ ሰላም ይላችኋል።

የምትኖሩበትን ክፍል የመምረጥ ዕድል ካገኛችሁ ደግሞ ኩሽና የሚጋሩበትን ያዙ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1950 ሲያሳትሙ ያገኙት ነገር ቀላል ነው፤ ሰው በብዛት የሚወዳጀው ቅርብ ጎረቤቱን ነው። ምድር ቤት ሆነው ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ደግሞ ከፎቅ ሰዎች ጋርም ይበልጥ ይቀራረቡ ነበር። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ሁኑ፣ በራችሁንም ገርበብ አድርጉት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ብዙዎቻችን «የአገሩ ልጆች ቀዝቃዛ ናቸው፣ አያስጠጉም» እንላለን። እኔም ብዬ ነበር፣ ተሳስቼ ነበር። እነሱ ከልጅነት ጓደኞቻቸው ጋር ናቸው፤ ቅዳሜያቸው ድሮ ተይዟል። እናንተ ብቻችሁን ስለመሆናችሁ ልብ አይሉም እንጂ ጠልተዋችሁ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጋብዙት እናንተ ናችሁ። «አንድ ቀን እንገናኝ» አትበሉ፣ ቀን ቁረጡ። «ሐሙስ ከክላስ በኋላ የምድብ ሥራውን አብረን እንጨርስና ትንሽ እንራመድ» ማለት ይበቃል። አንዴ ካልተመቻቸው ሌላ ሳምንት ድገሙት። ሁለቴ እምቢ ያለኝ ልጅ ሦስተኛው ላይ ቤተሰቦቹ ጋ ወሰደኝ።

ቋንቋው አፌ ላይ ይንቀረፈፋል ብላችሁ አትሸሹ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ አዲስ ሰው ካነጋገርን በኋላ ያ ሰው እኛን የወደደንን ያህል እንደወደደን አይሰማንም። ወደ ክፍላችሁ ስትመለሱ «ምን ዓይነት ነገር ነው ያወራሁት!» የምትሉት ለዚያ ነው። የቋንቋ ልውውጥም አለ፤ ግማሽ ሰዓት በእሱ ቋንቋ፣ ግማሽ ሰዓት በእናንተ። ሁለታችሁም ስለምትሳሳቱ ማንም አይሳቀቅም።

ሌላው፣ ትንሽ እርዳታ ጠይቁ። ደብዳቤ አንብቡልኝ፣ ይሄ አውቶቡስ የት ያደርሳል፣ የትኛው ፋርማሲ ክፍት ነው። ትኩሳት ይዞኝ የጎረቤቴን በር ሳንኳኳ በጣም አፍሬ ነበር። መድኃኒቱን ይዛ መጣች፣ በማግስቱም መጣች፣ ከዚያ በኋላ እሷም ሲጨንቃት በሬን ታንኳኳ ጀመር።

የአገራችሁን ልጆችስ? አትራቋቸው። በቋንቋችሁ ማልቀስ የምትፈልጉበት ቀን ይመጣል። ግን ሳምንቱ ሙሉ ከእነሱ ጋር ካለቀ ለሌላው ሰዓት አይተርፍም።

ጉዞ ላይ ጊዜው አጭር ስለሆነ ዘዴው ትንሽ ይለያል። ሆስቴል፣ ማለትም መኝታ ክፍልና ኩሽና የሚጋሩበት ርካሽ ማደሪያ፣ እደሩ። ሪቻርድ ሺርማን የተባለው ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1912 አልቴና በተባለች የጀርመን ከተማ በሚገኝ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ የወጣቶች ሆስቴል ከከፈተ ወዲህ፣ የጋራው ክፍል ብቻውን ለመጣ ሰው ምቹ ነው። በአምስት ቀን አምስት ከተማ ከመሮጥ አንዱ ጋ ሦስት ሌሊት ቆዩ፤ ማታ ኩሽና ውስጥ የተዋወቃችሁትን ሰው ጠዋት ደግማችሁ ታገኙታላችሁ። አዲስ ሰው ጋር ስትወጡ ሰው ባለበት ቦታ ይሁን፣ የምትሄዱበትንም ለአንድ ሰው ንገሩ። ልባችሁ ካልወደደው ይቅርባችሁ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ከዚያ መለያየት አለ። በቡድን ቻት ላይ «ናፈቃችሁኝ» ብሎ መጻፍ አያቆየውም። አምስት ስድስት ሰው ምረጡ። ስልክ ቁጥራቸውን በወረቀት ጭምር ያዙ፣ አካውንት ይጠፋልና። የፈተናቸውን ቀን፣ የእናታቸውን ሕመም አስታውሱና የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላኩ። ወር ሙሉ ዝም ካላችሁም «ይቅርታ ጠፋሁ» በሚል ረጅም ማብራሪያ አትጀምሩ፤ እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ ብላችሁ ቀጥሉ። ደግሞ የመጨረሻው ቀን ኤርፖርት ላይ ከመተቃቀፋችሁ በፊት፣ ቀጣዩን የምትገናኙበትን ወርና ከተማ እዚያው ቁረጡ። እኔና የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ልጅ ያኔ የቆረጥነው ከሁለት ዓመት በኋላ ልንገናኝ ነበር። በሦስት ሳምንት ዘግይቶ መጣ።