ኮዱ በጊት፣ ስዕሉ በኤስቪኤን

የምሠራው ከአቃቂ አለፍ ብሎ ገላን፣ የብረት በርና መስኮት የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው። ኮድ የምንጽፈው ጥቂት ነን። በኦቶካድ ስዕል የሚሠሩት ይበዙናል። ጊትና ኤስቪኤን የፋይሎችን ለውጥ ከነታሪኩ የሚይዙ ሲስተሞች ናቸው። አለቃችሁ «ለሁሉም አንድ ሲስተም ይበቃል» ካለ ይህን ጠይቁት፦ ሁለት ሰው በአንድ ቀን አንድ ፋይል ቢነካ፣ ሥራቸው መርጅ ይደረጋል፣ ማለትም አንድ ላይ ይዋሃዳል ወይ?

ኮድ ይደረጋል። ስለዚህ ጊት። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው ለሊነክስ ከርነል ነበር፤ ለእኛ የበጀን ግን የፕሮጀክቱ ሙሉ ታሪክ በየላፕቶፑ መኖሩ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም ኮሚት (ለውጥን መመዝገብ) አይቆምም። መገናኛ ሰፈር ካለው ቢሯችን ጋር መስመር ሲቋረጥ በ«ጊት በንድል» አዲሶቹን ኮሚቶች አንድ ፋይል እናደርጋቸውና ፍላሹን ለሾፌሩ እንሰጠዋለን። እዚያ ከፋይሉ ፑል ያደርጋሉ (ለውጡን ወደ ራሳቸው ይስባሉ)፤ አለቀ።

የኦቶካድ ስዕል ግን እንደ ኮድ መርጅ አይደረግም። ሁለት ሰው አንድ በር ላይ ከሠራ የአንዱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። እዚህ ላይ ኤስቪኤንን አሮጌ ነው ብላችሁ አትናቁት። ለስዕሎቹ «ኒድስ ሎክ» (መጀመሪያ ይቆለፍ) የሚባለውን ፕሮፐርቲ ስጧቸው። ፋይሉ ሎክ እስኪያዝ ድረስ ለንባብ ብቻ ይሆናል። ሠራተኛው በቶርቶይዝ ኤስቪኤን (ኤስቪኤንን በዊንዶውስ በማውስ የምናዝበት ፕሮግራም) ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ጌት ሎክ» ይላል፣ ይሠራል፣ ኮሚት ሲያደርግ ሎኩ ይለቀቃል። ሎክ እንደያዘ ፈቃድ የወጣ ካለ አስገድዶ ማስለቀቅ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ደውሉለት፤ ያልተላከ ሥራ ላፕቶፑ ላይ ሊኖር ይችላል። ሎክ ለመያዝ ሰርቨሩ መገኘት ስላለበት የእኛን እዚሁ ቢሮ፣ ዩፒኤስ ላይ አስቀምጠነዋል።

ጊትም ለትልልቅ ፋይሎች በተሠራው ኤልኤፍኤስ በሚባለው ተጨማሪ በኩል ሎክ አለው። ሰዎቻችሁ ፑሽና ፑል (ለውጥ መላክና መሳብ) ካላስጨነቃቸው ሁለተኛ ሲስተም ምን ያደርግላችኋል? የእኛዎቹ ግን «እባክሽ ተይን» አሉ፤ አልፈረድኩባቸውም።

ሁለቱን ስታጣምሩ አንዱን ፋይል ሁለቱም ጋ አታስቀምጡ። «ጊት ኤስቪኤን» የሚባለው መሣሪያ የድሮ ኮድን ከነታሪኩ ወደ ጊት ለማዛወር ጥሩ ነው። ሁለቱን በየቀኑ ለማመሳሰል ከሆነ ግን ጣጣው አያልቅም። እኛ ሁለቱን የምናገናኝበት መንገድ ቀላል ነው። ኤስቪኤን ለእያንዳንዱ ኮሚት ተራ ቁጥር ይሰጣል። የብረት መቁረጫ ፕሮግራማችን ጊት ውስጥ አንዲት የጽሑፍ ፋይል አለች፤ ያለባት ቁጥር ብቻ ነው፣ ለምሳሌ 1840። ይህ ኮድ የተሞከረው በዚያ ቁጥር ባሉት ስዕሎች ነው ማለት ነው። ከፋብሪካው «ቁርጡ አልገጠመም» የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ባክአፑን ለየብቻ ያዙ፦ ለኤስቪኤን «ሆትኮፒ»፣ ለጊት «ሚረር» ክሎን፤ ሁለቱም ከነታሪኩ ሙሉ ቅጂ የሚያወጡ ትዕዛዞች ናቸው። የባክአፑ ዲስክ ሰርቨሩ ካለበት ክፍል አይደር።