የወተት ሳሙና በድሬዳዋ ሙቀት፦ ሲበላሽ ምክንያቱና መፍትሄው

የቤት ውስጥ ሳሙና አሠራር መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ለቀዝቃዛ አገር ነው። «ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከገለበጣችሁ በኋላ በፎጣ ጠቅልሉት» ይላሉ፤ ድሬዳዋ ላይ ይህን ያደረገ ሳሙናውን ያበላሻል። እዚህ ጀማሪን የሚገጥመው ችግር በብዛት የሚመጣው ከሙቀት ነው። ኮስቲክ ሶዳው (ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኃይለኛ ኬሚካል) ሲሟሟ በራሱ ይግላል፣ የወተቱ ስኳር ግለቱን ያባብሰዋል፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ቤቱም አይበርድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ መጠን ይበቃል፦ 200 ግራም የፓልም ዘይት፣ 175 ግራም የሱፍ ዘይት፣ 125 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ 150 ግራም የፍየል ወይም የግመል ወተት፣ 71 ግራም ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ። ሶዳው ወተቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ከዘይቶቹ ጋር ይማሰላል፣ ከዚያ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገለበጣል። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆች አይጠጉ። የአሉሚኒየም ድስት በፍጹም አትጠቀሙ፤ ሶዳው ድስቱን እየበላ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ሶዳው ቆዳችሁን ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ታጠቡ።

ወተቱ ቡናማ ሆነ፣ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል

የወተቱ ስኳር ተቃጥሏል። ወተቱን ከዋዜማው በበረዶ ማስቀመጫ ቀድታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። የበረደውን ወተት የያዘውን ሳህን በረዶ ባለበት ሰፊ ዕቃ ላይ አስቀምጡና ሶዳውን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሳችሁ አማስሉ፤ ጨርሳችሁ እስክትጨምሩ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ አትቸኩሉ። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ወተቱ ይግባ እንጂ ወተት ሶዳ ላይ አይፈስም። መብራት ጠፍቶ ወተቱ ከቀለጠ ሥራውን ለሌላ ቀን አሳድሩት። ቢጫ መሆኑ ግን ጤነኛ ነው። ቡናማ የሆነውም አይጣልም፤ ሽታው በማድረቂያው ጊዜ ይለቃል፣ ቀለሙ ግን ይቀራል። የግመል ወተት ከታጠነ ዕቃ የመጣ ከሆነ የጢስ ሽታ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሽታ ለማይወዱ የፍየል ወተት ይሻላል።

መሃሉ ተሰነጠቀ ወይም ገንፍሎ ወጣ

ይህም ሙቀት ነው። ከተገለበጠ በኋላ ሳትሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን አቆዩት። ፍሪጅ ከሌለ በሌሊት ሥሩ፣ ቅርጽ ማውጫውም ጥልቀት የሌለው ይሁን። ሐረር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ ጥላ ያለበት መደርደሪያ ሊበቃ ይችላል። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ከታየ ሙቀቱ እኩል አለመዳረሱን ያሳያል፤ ጉዳት የለውም።

ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ

ሳይዋሃድ ተገልብጧል። ድብልቁ እንደ አጥሚት ወፍሮ፣ ከማንኪያ የሚንጠባጠበው ላዩ ላይ መስመር እስኪተው ድረስ መማሰል አለበት። ሳይጠነክር ከደረሳችሁበት መልሳችሁ ምቱት።

ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ ቆዳንም ያቃጥላል

ሶዳው በዝቷል። በስኒና በማንኪያ መለካት የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው፤ ዲጂታል ሚዛን ሳይኖራችሁ አትጀምሩ። ዘይት ስትለውጡም ሶዳውን እንደገና አስሉ፦ 100 ግራም የኮኮናት ዘይት 18 ግራም ያህል ሶዳ ሲፈልግ፣ 100 ግራም የሱፍ ዘይት የሚፈልገው 13.5 ግራም ገደማ ነው። እንዲህ የሆነ ሳሙና ገላ ላይ አይውል። ላዩ ላይ ብቻ የሚታይ ስስ ነጭ ዱቄት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሶዳው ከአየር ጋር ተገናኝቶ የሠራው ስለሆነ ቢላ ይጠርገዋል።

ለስላሳ ነው፣ አይጠነክርም

ጠብቁ። ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል።

አረፋ አይሰጥም

ሳሙናውን ከመውቀሳችሁ በፊት ውኃውን ጠርጥሩ። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። ካልሲየሙ ሳሙናውን ይዞ ወደ ዝቃጭ ይለውጠዋል። ያንኑ ሳሙና በዝናብ ውኃ ሞክሩት፤ አረፋው ከመጣ ሥራችሁ ልክ ነበር። በሚቀጥለው የኮኮናቱን ድርሻ ጨምሩ፣ ሶዳውንም አብራችሁ አስሉ።

ከሳምንታት በኋላ ብርቱካናማ ነጥብ አወጣ

ዘይቱ እየተበላሸ ነው። በሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ የሱፍ ዘይት አትግዙ፤ ሳሙናውንም ዝገት በነካው ሽቦ ላይ አታድርቁ። ነጥብ ያወጣውን ከሌሎቹ ለይታችሁ፣ ሽታው ሳይብስ ቶሎ ጨርሱት።