ጥሩ ነጭ ወይን ጠጅ በመጠነኛ ዋጋ፦ ከቴራ አልታ እንዴት እንደሚመረጥ

ስለ ስፔን ነጭ ወይን ጠጅ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት የጋሊሲያው ሪያስ ባይሻስና የካስቲያው ሩዌዳ ናቸው። ሁለቱም ዝናቸው የሚገባቸው አካባቢዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ፣ ውኃ ውኃ የማይል፣ ከምግብ ጋር ቀርቦ ጣዕሙ የማይጠፋ ነጭ ወይን ጠጅ ለሚፈልግ ሰው እኔ በቅድሚያ የማመለክተው ቴራ አልታን ነው። ቴራ አልታ በካታሎኒያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በታራጎና አውራጃ ውስጥ፣ ከአራጎን ጋር በሚዋሰን ከፍታማ ቦታ ላይ የሚገኝ፣ 12 የገጠር ማዘጋጃ ቤቶችን ያቀፈ አነስተኛ አካባቢ ነው። ማዕከሉ የጋንዴሳ ከተማ ሲሆን፣ ባቴያ፣ ቦት፣ ቪላልባ ዴልስ አርክስና ኮርቤራ ዴብሬ በወይን እርሻቸው የሚታወቁ ጎረቤቶቹ ናቸው።

ዋጋው መጠነኛ የሆነበት ምክንያት ጥራቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የአካባቢው ገበሬ ወይኑን ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያስረክብ፣ ማኅበሩም አብዛኛውን ጠጅ ያለ ስም፣ በጅምላ፣ ለሌሎች ነጋዴዎች ይሸጥ ነበር። ያም ሆኖ ማኅበራቱ ሥራቸውን አቅልለው የሚያዩ አልነበሩም፤ የጋንዴሳ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1919 መገንባት የጀመረው መጥመቂያ የታዋቂው የካታሎኒያ የሕንፃ ነዳፊ የአንቶኒ ጋውዲ ተማሪ በነበረው በሴዛር ማርቲኔል የተነደፈ ሲሆን፣ በጡብ ቅስቶቹ ውበት ምክንያት ዛሬም ድረስ ጎብኚ አይለየውም። በጠርሙስ አሽጎ በራስ ስም መሸጥ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ ነው። ከዚህም በላይ፣ ብዙም የማይርቀው የፕሪዮራት አካባቢ በውድ ቀይ ወይን ጠጁ ዓለም አቀፍ ዝና ሲያተርፍ፣ ቴራ አልታ ከእርሱ ጥላ ሥር ቀረ። ገዢው የሚጠቀመው ከዚህ የዝና ልዩነት ነው።

የአካባቢው ሀብት ነጭ ጋርናቻ የሚባለው የወይን ዝርያ ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው ነጭ ጋርናቻ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው በዚህ አካባቢ እንደሆነ የቴራ አልታ የምርት ስያሜ ምክር ቤት፣ ማለትም የአካባቢውን ጠጅ መነሻና ጥራት የሚቆጣጠረው አካል፣ ይገልጻል። ዝርያው ጥሩ ሆኖ ሲጠመቅ አፍ ውስጥ ወፈርና ለስለስ ይላል፤ የፒርና የኮክ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ አንዳንዴም የእንስላል ጠረን አለው። ነገር ግን ሁለት አስቸጋሪ ጠባዮች አሉት፤ ገዢው እነዚህን ካወቀ የምርጫውን ግማሽ መንገድ ሄዷል። አንደኛው፣ በሙቀት ቶሎ ስለሚበስል ስኳሩ በፍጥነት ሲጨምር ጎምዛዛነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ገበሬው ለቀማውን ጥቂት ቀናት እንኳ ካዘገየ ጠጁ አልኮል የበዛበትና የሚከብድ ይሆናል። ሁለተኛው፣ አየር ሲነካው፣ ተልጦ የተቀመጠ ፖም እንደሚጠቁር ሁሉ፣ ቀለሙና ጣዕሙ ቶሎ ይለወጣል።

የቦታው ተፈጥሮ ለመጀመሪያው ችግር ጥሩ መፍትሔ ይሰጣል። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ሴርስ የተባለው ደረቅ ነፋስ ዘለላውን ከሻጋታ ይጠብቃል፤ በበጋ ከባሕር በኩል የሚመጣው ጋርቢናዳ ደግሞ እርጥበትና ቅዝቃዜ ይዞ ይደርሳል። በከፍታው ምክንያት ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ወይኑ ጎምዛዛነቱን ጨርሶ አያጣም። የአካባቢው ገበሬዎች ፓናል ብለው የሚጠሩት፣ ከጥንት የአሸዋ ክምር የተፈጠረው ኖራማ አፈርም፣ ዝናብ በማይበዛበት በዚያ ምድር ውኃ ይዞ በማቆየት ተክሉን ያግዛል። ሁለተኛው ችግር ግን የሚፈታው በጠማቂው ጥንቃቄ፣ ከዚያም በሻጩና በገዢው አያያዝ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ጠርሙሱን ሲያነሡ በመጀመሪያ የዝርያውን ስም ይፈልጉ። በካታላን አጻጻፍ «ጋርናቻ» በሚለው ስም መካከል የላቲኖቹ ቲና ኤክስ ሲገቡ፣ በስፓኒሽ አጻጻፍ ሲና ኤች ይገባሉ፤ ሁለቱም ያው ናቸው። ከዚሁ ዝርያ ብቻ ለተጠመቁና በቀማሾች ለተመሰከረላቸው ጠጆች ምክር ቤቱ የተለየ የዋስትና ምልክት ስለሚሰጥ፣ ምልክቱን በጠርሙሱ ላይ ካገኙ ምርጫዎ ይቀልላል። ማካቤዮ ወይም ቪዮኚዬ የተባሉት ሌሎች የነጭ ወይን ዝርያዎች የተቀላቀሉበት ጠጅ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ሆኖም አካባቢውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቅ ሰው በንጹሑ ነጭ ጋርናቻ ቢጀምር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የለቀማውን ዓመት ይመልከቱ፤ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። በርካሽ የሚሸጠውና የእንጨት በርሜል ያልነካው ጠጅ ከተለቀመ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ቢሆን ይመረጣል። ቅናሽ ተደርጎበት በሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ የሦስትና የአራት ዓመት ጠርሙስ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ይለፉት። ጠርሙሱ ግልጽ ብርጭቆ ከሆነ ቀለሙን ማየት ይቻላል፤ አዲስ ጠጅ ገርጣ ያለ ቢጫ መሆን ሲገባው ወደ ወርቃማ ወይም ወደ ቡናማ ካደላ አየር ነክቶታል ማለት ነው። ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆነው ብሪሳት የሚባለው ነው። ይህ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ እየፈላ የሚጠመቅ የአካባቢው ጥንታዊ አሠራር ሲሆን፣ ጥቁር ወርቃማ ቀለሙ ተፈጥሮው ነው፤ ትንሽ ይጎመርራል፤ ለጀማሪ ባልመርጠውም በራሱ መንገድ የተከበረ ጠጅ ነው።

የአልኮሉ መጠን ሌላው መለኪያ ነው። 13 በመቶ አካባቢ የሆነው በአብዛኛው ቀለል ያለና የሚያረካ ሲሆን፣ 14 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው የሚመሰገነው በቂ ጎምዛዛነት ሲኖረው ብቻ ነው፤ ይህንን ደግሞ ከጽሑፉ ማወቅ ስለማይቻል ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሻጩን «ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ይልቁንም በበርሜል ፈልቷል ወይስ በብረት ጋን፣ በአተላውስ ላይ ስንት ወር ቆይቷል ብለው ይጠይቁ። በአተላው ላይ ለጥቂት ወራት የቆየ ጠጅ የበለጠ ይለሰልሳል፤ ከአየር ጉዳትም በተሻለ ሁኔታ ይጠበቃል። ይህ ብዙ ወጪ ሳይጨምር ጥራትን ከፍ የሚያደርግ አሠራር ስለሆነ፣ በመጠነኛ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል እኔ የማስቀድመው እንዲህ ያለውን ነው።

ስም ጠቅሼ እንድመክር ከተፈለገ፣ ከታች ስጀምር የጋንዴሳ ኅብረት ሥራ ማኅበር «ጋንዴሶላ»፣ የባቴያው ጠማቂ የላ ቦቴራ «ቪላ ክሎሳ» እና በቦት የሚገኘው የሳን ጆዜፕ ማኅበር «ክሎት ዴንሲስ» አሉ፤ እነዚህ በስፔን ውስጥ በአብዛኛው ከ10 ዩሮ በታች የሚገኙ፣ ለዕለት ገበታ የሚሆኑ ጠጆች ናቸው። ገንዘብ በእርግጥ ዋጋውን የሚያመጣው ግን ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ፣ እስከ 15 ዩሮ አካባቢ ድረስ ነው ብዬ አስባለሁ። ኤሬንሲያ አልቴስ የተባለው ጠማቂ «ቤኑፌት»፣ የላፉ «ኤልስ አሜሌርስ» እና የኤዴታሪያ «ቪያ ኤዴታና» በዚህ ክልል የሚታዩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ቤኑፌትን እመርጥለታለሁ። ለበዓል ወይም ለስጦታ ትንሽ ለመጨመር ከተቻለ፣ የጠማቂው የባርባራ ፎሬስ «ኤል ኪንታ» ከአሮጌ ተክሎች ተለቅሞ በበርሜል የሚፈላ በመሆኑ ነጭ ጋርናቻ ምን ያህል ሊራቀቅ እንደሚችል ያሳያል። ከስፔን ውጭ ዋጋው በታክስና በማጓጓዣ ምክንያት ስለሚጨምር፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ ከትልልቅ የገበያ አዳራሾች ይልቅ የስፔን ወይን ጠጅ ለይተው የሚያስመጡ ሱቆችን ቢጎበኝ የተሻለ ምርጫ ያገኛል።

ጠጁ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ወዲያው ከተቀዳ ጠረኑ ይታፈናል። በርሜል ያልነካውን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ በበርሜል የፈላውን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቅረብ ይገባል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ማውጣት ይበቃል። በአገሩ ክሎቻ ከሚባለው፣ መሐሉ ከተቦረቦረ ዳቦ ውስጥ ጨዋማ ዓሣ፣ የተጠበሰ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ገብቶበት ከሚበላው የገበሬ ምግብ ጋር ይስማማል። በእኛ ገበታ ላይ ደግሞ ከዓሣ ጥብስ፣ ከዶሮ አልጫ ወይም ከክክ አልጫ ጋር መልካም ነው። በርበሬ ከበዛበት ቀይ ወጥ ጋር ግን አልመክረውም፤ አልኮሉ ከፍ ያለ ስለሆነ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል።

የተከፈተ ጠርሙስ በደንብ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል። ከግማሽ በታች ከቀረ ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ መገልበጥ፣ አየሩን ስለሚቀንስለት፣ ለዚህ ዝርያ በተለይ ይጠቅመዋል።