የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች አሰባሰብ፦ ከምርጫ እስከ እንክብካቤ

ዛሬ ኮምፒውተር ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሚሞሪው መጠን፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ነው፤ የትኛውን ቢወስድ የለመደውን ፋይል እንደሚከፍትለት አይጠራጠርም። በ1983 ለንደን ውስጥ ኮምፒውተር ሊገዛ የወጣ ሰው ግን ከመደርደሪያው አንዱን ሲያነሣ ሌሎቹን በሙሉ ትቶ ይወጣ ነበር። የአንዱ ካሴት በሌላው አይነበብም፣ የአንዱ ጨዋታ በሌላው አይሠራም፣ ቀለም የሚያወጣበትና ድምፅ የሚያሰማበት መንገድም ለየማሽኑ የራሱ ነበር። ይህ ጽሑፍ እነዚያን ማሽኖች መሰብሰብ ለሚፈልግ ጀማሪ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። መነሻ ሐሳቤ፣ የአንድ ስብስብ ክብር በማሽኖቹ ብርቅነት ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ልዩነት ይለካል የሚል ነው። ስለዚህ የአንድ ኩባንያ አሥር ሞዴሎችን ከመደርደር ይልቅ ለአንድ ጥያቄ አራት የተለያዩ መልሶች የሰጡ አራት ማሽኖችን መያዝ ይበልጣል።

ምርጫው እንዲሰምር ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1975 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 6502 የተሰኘውን ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎል፣ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ፤ ተቀናቃኞቹ በዚያን ጊዜ በመቶዎች ዶላር ይሸጡ ነበር። በዓመቱ የዚሎግ ኩባንያ ዜድ80 የተባለ ፕሮሰሰር ተከተለ። አንጎሉ ርካሽ ሲሆን ጥቂት መሐንዲሶች ያሉት ትንሽ ድርጅት እንኳ ኮምፒውተር መሥራት ቻለ። አስቀድሞ የተሸጠ ማሽንም ሆነ የተከማቸ ፕሮግራም ስላልነበረ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይስማማ ብሎ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። ዋናው ጥያቄ ለሁሉም አንድ ነበር፦ ሚሞሪ እጅግ ውድ በሆነበት ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ላይ፣ አንድ ቤተሰብ ሊከፍለው በሚችለው ዋጋ ምን መሥራት ይቻላል?

ለዚህ ጥያቄ እጅግ ቆጣቢው መልስ ሲንክሌር ዜድኤክስ ስፔክትረም ነው፤ ለመጀመሪያ ግዢም እሱን እመክራለሁ። በ1982 ብሪታንያ ውስጥ ሲወጣ ባለ16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ፣ ባለ48ቱ 175 ፓውንድ ነበር። ምስሉ 256 በ192 ነጥብ ቢሆንም ሙሉ ገጹ በሚሞሪ ውስጥ 6,912 ባይት ብቻ ይይዛል፤ ምክንያቱም ቀለሙ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሳይሆን ስምንት በስምንት ለሆነ ትንሽ አራት ማዕዘን ይሰጣል፣ በአንዱ ማዕዘን ውስጥም ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም። በስፔክትረም ጨዋታዎች አንድ ሰው በዛፍ አጠገብ ሲያልፍ የዛፉን ቀለም የሚለብሰው በዚህ የተነሣ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን የአንድ ዘመን የቁጠባ ጥበብ በዓይን የሚታይበት ቦታ አድርጌ እመለከተዋለሁ።

ከእሱ ቀጥሎ ኮሞዶር 64 ይቀመጥ። ኮሞዶር ሞስ ቴክኖሎጂን በ1976 ገዝቶ ስለነበር ቺፖቹን በራሱ ፋብሪካ ያመርት ነበር፤ ስለዚህ መልሱ ቁጠባ ሳይሆን ለአንድ ተግባር ብቻ የተሠሩ ቺፖች ሆነ። አንደኛው ቺፕ በስክሪኑ ላይ ስምንት ተንቀሳቃሽ ምስሎችን ያለ ፕሮሰሰሩ ድካም ያስተናግዳል፤ ቦብ ያኔስ የነደፈው ሲድ የተባለው የድምፅ ቺፕ ደግሞ ሦስት ድምፆችን በአንድ ጊዜ የሚያሰማ እውነተኛ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው የአኮርን ቢቢሲ ማይክሮ ነው። የብሪታንያው ብሮድካስት ድርጅት ለኮምፒውተር ትምህርት ዘመቻው ያሠራው ይህ ማሽን ከጀርባውና ከሥሩ በመሰኪያ የተሞላ ነው፤ ከነዚህም አንዱ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ለመጨመር የታሰበ ነበር። በ1985 ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት የመጀመሪያው አርም ፕሮሰሰር የተሞከረው በዚሁ መሰኪያ ከቢቢሲ ማይክሮ ጋር ተያይዞ ነው። ይህን ጽሑፍ በሞባይል ስልክ የሚያነቡ ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው ፕሮሰሰር የዚያ ዝርያ መሆኑ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል።

አራተኛው ኤምኤስኤክስ ቢሆን መልካም ነው፤ ምክንያቱም ልዩነትን ሆን ብሎ ለማስቀረት የተደረገ ሙከራ ነበር። በ1983 የጃፓኑ ካዙሂኮ ኒሺ ከማይክሮሶፍት ጋር ባወጣው በዚህ የጋራ መመዘኛ ሶኒ፣ ፓናሶኒክ፣ ያማሃ፣ ፊሊፕስና ሌሎችም እርስ በርስ የሚግባቡ ማሽኖችን ሠሩ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር አንባቢ ይህ ቅርብ ዕድል አለው፤ የኩዌቱ አል አለሚያ ሳክር በሚል ስም ዐረብኛ የሚጽፉ የኤምኤስኤክስ ማሽኖችን ይሸጥ ነበርና፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ መጠየቅ አይከፋም።

እነዚህን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱ ለምን እንደጠፋ መጠየቁ አይቀርም። አንዱ ምክንያት የዋጋ ጦርነት ነው። በ1981 በ525 ዶላር የወጣው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ 99/4ኤ በ1983 ወደ 100 ዶላር ገደማ ወረደ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥቅምት ከቤት ኮምፒውተር ገበያ ወጣ። ስፔክትረምን የሠራው ሲንክሌርም የኮምፒውተር ንግዱንና ስሙን በ1986 ለተቀናቃኙ ኩባንያ ለአምስትራድ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ነገር ግን ዋጋ ብቻውን ኩባንያዎችን ይገድል እንደሆነ እንጂ የማሽን ዓይነትን አያጠፋም።

ሥር የሰደደው ምክንያት ፕሮግራም ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ጥሩ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ቺፖቹን በቀጥታ ያዝዝ ነበር፤ ውበታቸውም ከዚህ የመጣ ነው። ሆኖም አምራቹ አንዱን ቺፕ ካሻሻለ ትናንት የተጻፈው ሁሉ ይበላሻል። ኮሞዶር በ1985 ኮሞዶር 128ን ሲያወጣ አሮጌው 64 እንዳለ ውስጡ እንዲገባ የተገደደው ለዚህ ነው፤ ብዙ ባለቤቶችም ማሽኑን እንደ 64 ብቻ ተጠቀሙበት። በአንጻሩ የአይቢኤም ፒሲ በነሐሴ 1981 ሲወጣ የተሠራው ማንም ገበያ ላይ ከሚያገኛቸው ዕቃዎች ነበር። ልዩ የነበረው ባዮስ የተባለው የመነሻ ፕሮግራም ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ ኮዱን ሳያዩ በሠሩ መሐንዲሶች አማካይነት በራሱ ጻፈው፤ ከ1984 ጀምሮ ደግሞ ፊኒክስ የተባለው ኩባንያ ተመሳሳዩን ለፈለገ ሁሉ ሸጠ። ማይክሮሶፍት የፒሲው ማስኬጃ ሥርዓት የሆነውን ዶስን ለሌሎች የመሸጥ መብቱን ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ስለዚህ ማንም አምራች ያንኑ ማሽን ሠርቶ ዋጋ ማውረድ፣ ማንም ጸሐፊ አንድ ጊዜ ጽፎ ለሁሉም መሸጥ ቻለ። በ1985 የወጣው አሚጋ 4,096 ቀለማት ማሳየትና ብዙ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ማስኬድ እየቻለ፣ አምራቹ ኮሞዶር በ1994 መክሰሩ ተሸናፊው የግድ ደካማው እንዳልነበረ ያሳያል።

ልዩነቱ ዋጋ ያስከፍል እንደነበረም መካድ አይገባም። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ከመካተቱ በፊት፣ ማለትም ከ1999 በፊት፣ በአንድ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ሆኖ ያስቸገረው ሰው፣ የ1980ዎቹ ተጠቃሚዎች ከማሽን ወደ ማሽን ሲሻገሩ ምን ይገጥማቸው እንደነበር በሚገባ ይረዳል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ በመጀመሪያ መመልከት ያለብዎት ማሽኑ የተሸጠበትን አገር ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ክፍል) 120 ቮልት ይፈልጋል፤ 220 ቮልት ባለበት አዲስ አበባ ወይም በአውሮፓ በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላል። የምስሉም ሥርዓት ይለያያል፦ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ፣ የአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ ፓል ነው፤ አንዱን የሚያሳይ ቴሌቪዥን ሌላውን በጥቁርና ነጭ ብቻ ሊያሳይ ወይም ጨርሶ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ስብስብዎን ከተቻለ በአንድ ሥርዓት ይጀምሩ። “ይሠራል” ተብሎ የሚሸጥ ማሽን ሲገጥምዎ ስክሪኑ በርቶ የተነሣ ፎቶግራፍ ይጠይቁ፤ “አልተሞከረም” የሚለውን ቃል ግን “አይሠራም” ብለው አንብበው በዚያው ልክ ይክፈሉ።

ማሽኑ እጅዎ ሲገባ ወዲያው አይሰኩት። በዚህ ሙያ ጀማሪዎች በብዛት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። የኮሞዶር 64 ፓወር ሰፕላይ በጠጣር ሙጫ የተደፈነ በመሆኑ ይግላል፤ ውስጡ ያለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሲያረጅ አምስት መሆን የሚገባውን ቮልት ከፍ አድርጎ ይሰድና የሚሞሪ ቺፖቹን ይገድላል። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩት፤ ከ5.25 ቮልት በላይ ካሳየ ያስወግዱት። በልኩ ቢሆን እንኳ በኋላ ሊከዳ ስለሚችል አዲስ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ያዋጣል። የስፔክትረም 9 ቮልት አዳፕተር በመሰኪያው መካከል ያለው ነጌቲቩ ነው፤ ከብዙ ተራ አዳፕተሮች ተቃራኒ በመሆኑ ቤት የተገኘውን አንሥቶ መሰካት ማሽኑን ማጥፋት ነው። በቢቢሲ ማይክሮ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ሪፋ የተባሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች) ሽፋናቸው ተሰነጣጥቆ እርጥበት ስለሚስብ፣ ከዓመታት በኋላ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ በክፉ ሽታና በወፍራም ጭስ ይፈነዳሉ። ከማብራትዎ በፊት ይቀየሩ፤ ነገር ግን የፓወር ሰፕላይ ውስጥም ሆነ የድሮ ቴሌቪዥን ውስጥ ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊኖር ስለሚችል ይህን ለባለሙያ ይስጡ።

አሚጋ ከገዙ ክዳኑን ሳይከፍቱ አያሳድሩት። በአሚጋ 500 ፕላስ ሰሌዳና በብዙ የሚሞሪ ማስፋፊያዎች ላይ ያለው ትንሽ ባትሪ አፍስሶ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። ባትሪውን ያስነቅሉ፣ የፈሰሰውን በጥቂት ኮምጣጤ ያርክሱ፣ ከዚያም በአይሶፕሮፒል አልኮል አጥበው ያድርቁት። በአሚጋ 600 እና 1200 ላይ የሚያፈሱት ደግሞ ትናንሾቹ ካፓሲተሮች ናቸው። የፕላስቲክ ሽፋኑ በዕድሜ ስለሚያመጣው ቢጫነት ብዙዎች ይጨነቃሉ፤ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ የሚያነጡም አሉ። ሽፋኑ ሊዥጎረጎርና ቢጫው ሊመለስ ስለሚችል፣ እኔ በለስላሳ ሳሙናና በጨርቅ አጽድቶ መተውን እመርጣለሁ።

ካሴቶችንና ፍሎፒ ዲስኮችን ለመጫወት ከመጠቀምዎ በፊት ይቅዷቸው። የካሴቱን ድምፅ ሳይጨመቅ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ መቅዳት ቀላል ነው፤ የዕለት ተዕለቱን ጭነት በሜሞሪ ካርድ የሚሠራ ተተኪ ማንበቢያ ይሸከመው። በተለይ ማንም ያላሳተመው፣ በእጅ ጽሑፍ ስም የተጻፈበት ካሴት ቢያገኙ ከሁሉ አስቀድመው እሱን ይቅዱ፤ የሱቅ ጨዋታው ሌላ ቦታ ይገኛል፣ ያ ግን አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሲሠሩ አንድ ሙከራ ያድርጉ፤ መሰብሰቡ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ክብ ይሣሉ። ስፔክትረምና ኤምኤስኤክስ ሰርክል የሚል ትእዛዝ ስላላቸው ሥራው በአንድ መስመር ያልቃል። ቢቢሲ ማይክሮ ያ ትእዛዝ የለውም፤ በሳይንና ኮሳይን እያሰሉ ነጥቦቹን ያያይዛሉ። የኮሞዶር 64 ቤዚክ ግን የሥዕል ትእዛዝ ስለሌለው ፖክ በሚለው ትእዛዝ ቁጥሮችን በቀጥታ ወደ ቺፑና ወደ ሚሞሪው እየላኩ ነጥብ በነጥብ ይገነባሉ፣ ክቡም ሲወጣ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ፕሮግራሞቹን አያጥፏቸው፤ በየማሽኑ ካሴት ላይ ይቅዱና፣ የለኩት ቮልት፣ የተቀየረው ዕቃና ቀኑ ከተጻፈበት ካርድ ጋር በየሣጥናቸው ያስቀምጧቸው። ማሽኖቹን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው፣ ምንም ሳይጫንባቸው ያኑሯቸው፤ በየጥቂት ወሩ ሲያበሯቸውም መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ለክተው አዲሱን ቁጥር በካርዱ ላይ ይጨምሩበት።