አይስላንድ ሄዳችሁ ተራራ አናት ላይ ብቻ አታፍጥጡ

እሳተ ገሞራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሹል ተራራ ነው፣ አናቱ ላይ ጭስ ያለው። አይስላንድ ላይ የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ጋ ይጀምራል። ደሴቲቱ ያለችው የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የመሬት ንጣፎች በሚለያዩበት መስመር ላይ ነው። በዓመት 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መሬቱ እንደተተረተረ ልብስ በረጅሙ ይሰነጠቅና እሳቱ ከዚያ ይወጣል። አፋርን ለሚያውቅ ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት የተሰነጠቀው በዚሁ ዓይነት ጉልበት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ሁለተኛው፣ ዝም ያለውን ሞቷል ማለት። የሬይክያነስ ልሳነ ምድር 800 ዓመት ገደማ ተኝቶ በ2021 ነቃ። በ2023 መጨረሻ የግሪንዳቪክ ከተማ ነዋሪዎች በሌሊት ወጡ፣ ከሁለት ወር በኋላ ላቫው (ፈሶ የወጣው ቅልጥ አለት) ቤቶች ድረስ ደረሰ። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ የሄይማኤይ ደሴት ነው። በጥር 1973 በውድቅት ሌሊት ከከተማው ጫፍ መሬት ተሰነጠቀ። ዕድል ሆኖ ከአንድ ቀን በፊት በነበረው ማዕበል ምክንያት የዓሣ ጀልባዎቹ ወደብ ላይ ነበሩና ወደ 5,000 የሚጠጋውን ሕዝብ ጭነው አወጡት። ከዚያ የቀሩት ሰዎች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የባሕር ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ላቫው ላይ ለወራት ረጩበት። ወደቡም ተረፈ!

በረዶ እሳትን ያጠፋል ብላችሁም አትሸወዱ። በ2010 ኤያፍያላዮኩል (የዜና አንባቢዎች ምላስ የታሰረበት ስም) መጀመሪያ በረዶ በሌለበት ጎኑ ፈነዳ፤ ሰው እየሄደ ፎቶ ተነሳ። ሚያዝያ ላይ ከበረዶ ግግሩ ሥር ሲፈነዳ ግን ነገር ተበላሸ። ቅልጥ አለቱ ከቀለጠው ውሃ ጋር ሲገናኝ ተፈረካክሶ ደቃቅ አመድ ሆነና 100,000 ያህል በረራ አስቀረ። ካትላ የሚባለው ሌላው እሳተ ገሞራም እንዲሁ በበረዶ ሥር ነው፤ እሱ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚፈራው ድንገት የሚለቀቀው ጎርፍ ነው።

ሌላው ላቫውን እያዩ ጋዙን መርሳት ነው። በ1783 ላኪ የሚባለው 27 ኪሎ ሜትር የስንጥቅ ሰንሰለት ለስምንት ወር ተፋ። ስሙ እንደ ተግባሩ፣ ጭሱን አውሮፓ ድረስ ልኮታል። አገር ቤት ያለው ጣጣ ግን የከፋ ነበር፤ በፍሎሪን የተመረዘ ሣር የበላው ከብት አለቀ፣ ረሃብ ተከተለ፣ ከአይስላንድ ሕዝብ ከአምስት አንዱ ገደማ ሞተ። ላቫ ቀርቶ ነበልባሉን እንኳ ያላየ ሰው ማለት ነው። እናም ለማየት ከሄዳችሁ የነፋሱን አቅጣጫ ጠይቁ፣ ረባዳ ቦታ ላይም አትቀመጡ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ እዚያ ይጠራቀማል።

የመጨረሻው የሴልፊ ጣጣ ነው። የጠቆረ ላቫ የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ሥር ግን ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሆነ ቅልጥ አለት ሊኖር ይችላል። 2021 ላይ ይህን እያወቁ የወጡበት ነበሩ። አንዱ ቢሰምጥ ደግሞ ሊደርሱለት የሚሮጡት የአገሩ አዳኝ ቡድኖች ደመወዝተኞች አይደሉም፣ የዕለት ሥራቸውን ጥለው የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።