ግፊት ከመለካታችሁ በፊት ቁጭ በሉ

የደሴን ዳገት ወጥታችሁ፣ ገና እያለከለካችሁ ደም ግፊት አትለኩ። ቁጥሩ ያለ ነገሩ ከፍ ይላል። 5 ደቂቃ አረፍ በሉ። ጀርባችሁን ደገፍ አድርጉ፣ እግራችሁን አታነባብሩ፣ ክንዳችሁ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ብርድ ቢሆንም በሹራብ ላይ አይሆንም፤ ክንድ ባዶ ይሁን። ወሬም ይቁም (ለወሎ ሰው ይሄ ነው ከባዱ!)። ቡናና ሲጋራ ከ30 ደቂቃ በፊት ይቅር፤ ጫትም ግፊት ይጨምራል።

በፈረንጆቹ 2015 ውጤቱ የወጣው፣ ስፕሪንት የተባለው የአሜሪካ ጥናት ከ9,000 በላይ ሰዎችን ሲከታተል ከ5 ደቂቃ እረፍት በኋላ 3 ጊዜ እየለካ አማካዩን ይወስድ ነበር። እናንተም ቢያንስ 2 ጊዜ ለኩ፤ በመሃል 1 ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሮቹን ከነቀኑ ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።