የአሜሪካ ምርጫ ሌሊት፦ በቴሌቪዥን የሚታየውን ቁጥር እንዴት እናንብብ?

በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሌሊት «እገሌ አሸነፈ» ብሎ የሚያውጅ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም። ፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን የሚባል አለ፤ ሥራው ግን የዘመቻ ገንዘብ መቆጣጠር እንጂ ድምፅ መቁጠር አይደለም። ቆጠራው የየግዛቱና የየካውንቲው (በግዛት ሥር ያለ አስተዳደር) ነው፤ ይፋዊ ማረጋገጫው የሚመጣውም ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው። ያንን ክፍተት የያዙት የዜና ተቋማት ናቸው። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ከ1848 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድምፅ እየሰበሰበ ይደምራል። ስለዚህ በዚያ ሌሊት የምትሰሙት «አሸነፈ» የባለሙያዎች ግምገማ ነው፤ ሕጋዊ ውጤት አይደለም።

መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ። በኖቬምበር መግቢያ ላይ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 8 ሰዓት ነው። ጆርጂያና ቨርጂኒያ የምርጫ ጣቢያ ሲዘጉ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል፣ ፔንሲልቬኒያ 10 ሰዓት፣ ዊስኮንሲንና አሪዞና 11 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ ጠዋት 1 ሰዓት። ጣቢያ እንደተዘጋ፣ አንድም ድምፅ ሳይቆጠር «አሸናፊ» ቢባል አትደንግጡ፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን በሚያደሉ ግዛቶች የቀድሞው ታሪክና የመራጮች ጥናት ይበቃል። ድምፅ ሰጥተው ከሚወጡ መራጮች ተሰብስቦ በአመሻሹ ሾልኮ የሚወጣውን መጠይቅ ግን አትመኑት። በ2004 ኋላ የተሸነፉትን ዕጩ ጆን ኬሪን ቀዳሚ አድርጎ ብዙዎችን አሳስቷል።

ቀጥሎ ወረቀት ያዙ። ፉክክሩ በጠነከረባቸው ግዛቶች ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የመሪውን ብልጫና ያልተቆጠረውን ድምፅ። ብልጫውን ለቀሪው አካፍሉ፣ በ50 አባዙ፣ 50 ደምሩበት። ለምሳሌ ብልጫው 40,000፣ ቀሪው 100,000 ቢሆን ተከታዩ ከቀሪው ከ70 በመቶ በላይ ማግኘት አለበት። ስክሪኑ ላይ ያለው «85 በመቶ ተቆጥሯል» ራሱ ግምት መሆኑን አትርሱ፤ ስንት ሰው እንደመረጠ በዚያ ሰዓት በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።

ዋናው ጥያቄ የቀረው ድምፅ የየትኛው ካውንቲና የምን ዓይነት ነው የሚለው ነው፤ ብዙ ተመልካች የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፔንሲልቬኒያ በፖስታ የመጣውን ድምፅ ከምርጫው ቀን ጠዋት በፊት መክፈት በሕግ ስለማይፈቀድላት የፖስታው ድምፅ ዘግይቶ ይገባል። በ2020 የፖስታው ድምፅ ለባይደን ያደላ ስለነበር ትራምፕ መጀመሪያ ላይ በሰፊው መርተው ኋላ ብልጫቸው ቀለጠ። አሪዞና የተገላቢጦሽ ነች፦ ቀድመው የደረሱት የፖስታ ድምፆች መጀመሪያ ይለቀቃሉ፣ በዕለቱ በጣቢያ የተሰጠው ይከተላል፣ በመጨረሻው ቀን በሣጥን የተጣለው ፖስታ ፊርማው እስኪመረመር ቀናት ይፈጃል። ከግዛቱ መራጭ ከግማሽ በላይ የሚኖርባትን ማሪኮፓ ካውንቲን ሳታዩ ስለ አሪዞና አትፍረዱ። የዊስኮንሲኗ ሚልዋኪ ከተማ ደግሞ የፖስታውን ድምፅ በአንድ ማዕከል ቆጥራ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በአንድ ጊዜ ትለቃለች። ግራፉ በድንገት ሲዘል «ተሰረቀ» የሚለው ወሬ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በመጨረሻ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ ይዛችሁ አትደሩ። በ2000 የፍሎሪዳ ምዕራባዊ ጫፍ ገና እየመረጠ ሳለ ቴሌቪዥኖቹ ግዛቱን ለዕጩው አል ጎር ሰጡ፣ መልሰው ወሰዱ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለተፎካካሪያቸው ጆርጅ ቡሽ ሰጡ፣ ያንንም ሻሩ። ሁለተኛውን እወጃ አሶሺየትድ ፕሬስ አልተከተለም፤ የመጨረሻው ልዩነት 537 ድምፅ ነበር። በ2020 ፎክስ ቴሌቪዥን አሪዞናን ለባይደን የሰጠው በዚያው ሌሊት ነው፤ ሌሎቹ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ግን ከሳምንት በላይ ጠበቁ። ባይደን ያሸነፉት በ10,457 ድምፅ ነው። ግምቱ ባይስትም፣ እንዲህ በጠበበ ልዩነት ያን ያህል መቸኮል የሚመከር አልነበረም።

ሁለትና ሦስት ተቋማት ለየብቻቸው ተመሳሳይ ነገር ሲሉ ብትቀበሉ ይሻላል። ልዩነቱ ከ0.5 በመቶ ካልበለጠ ደግሞ እንደ ፍሎሪዳና ፔንሲልቬኒያ ባሉ ግዛቶች ሕጉ ድጋሚ ቆጠራ ያዛል፤ ያኔ ወረቀታችሁን አስቀምጡና ተኙ።